የአጥሩን በር ማን ከፈተው?

እንግሊዝኛ ወሬኛ ቋንቋ ነው። አስቤበት ነው የምለው፣ ቸኩዬ አይደለም። ገና አፉን ሲከፍት «ማን ነው ያደረገው?» ይላል። እስኪ ምን አስቸኮለው? እኛ ብርጭቆ ሲሰበር «ተሰበረ» እንላለን። ወጥ ሲያርር «አረረ» እንላለን። ስባሪው ይጠረጋል፣ ያረረው ይበላል፣ ቤቱም በሰላም ያድራል። እንግሊዝኛ ግን ጣቱን ካልቀሰረ እንቅልፍ አይወስደውም።

ይህን በልጅነቴ ባውቀው ጥሩ ነበር። በልጅነቴ ግን የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ እኔ መስኮት መስኮቱን ነበር የማየው። ያወቅኩት አሁን ነው፣ ልጆቼ ቁመቴን ካለፉ በኋላ፣ ሮቤ ከተማ፣ ለሕፃናት በተሠራ ዴስክ ውስጥ ጉልበቴን አጣጥፌ ተቀምጬ።

የሺ እባላለሁ። የምኖረው ጎባ ነው፣ ከተማው አልቆ ገብሱ የሚጀምርበት ዳር ላይ። ሥራዬ ሳነቴ ሜዳ ላይ ቀይ ቀበሮ ሊያዩ ለሚወጡ እንግዶች ምግብ ማብሰል ነው። ባሌ ግርማ ደግሞ ድንኳን ይተክላል።

ሳነቴን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚያ ላይ ውሃው ይፈላል፣ ምስሩ ግን አይበስልም። ቢንተከተክ ቢንተከተክ ያው ጠጠር ነው። ከፍታው ነው ይላሉ የተማሩት። አንድ ጊዜ አንድ እንግዳ በአስተርጓሚ ምስሩ ምን ሆኖ ነው ብሎ ጠየቀኝ። «አልበሰለም» አልኩት። «ለምን አላበሰልሽውም?» አለኝ። ልዩነቱን አያችሁልኝ? እኔ «አልበሰለም» ስል ምስሩና ተራራው ይነጋገሩበት ማለቴ ነበር። እሱ ከመሀላቸው እኔን ዶለኝ። ይህ አመል አንድ ቀን ቤቴ ድረስ እንደሚመጣ ያኔ ማወቅ ነበረብኝ።

እንግዲህ ባለፈረሶቹ፣ አብሳዮቹና ድንኳን ተካዮቹ አንድ ማኅበር አለን። ከቱሪዝም ቢሮ ሰዎች መጡና እንግዳ ይዞ ተራራ የሚወጣ ሁሉ መሠረታዊ እንግሊዝኛ ተምሮ ባጅ ያንጠልጥል አሉን። ባጅ የሌለው አይወጣም። እንጀራችን ነውና ምን እንበል? ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሚኒባስ ውስጥ ተጠቅጥቀን ከጎባ ሮቤ እንወርዳለን፣ ጭቃችንን በር ላይ እናራግፋለን፣ እንገባለን።

አስተማሪያችን ቲቸር ናትናኤል ይባላል። ከናዝሬት የመጣ ወጣት ነው፤ ጨዋ፣ ብርድ የማይችል፣ ጃኬት በጃኬት ደርቦ የሚያስተምር። ለአገሩ እንግዳ ነው። የማልቀየመውም ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሰሌዳ ላይ «ዘ ካው ኤት ዘ ባርሊ» ብሎ ጻፈ። ላሟ ገብሱን በላች ማለት ነው አለን። እርስ በርስ ተያየን። አያችሁ፣ ናዝሬት ላይ ይሄ ዓረፍተ ነገር ሊሆን ይችላል። እዚህ ባሌ አገር ላይ ግን ክስ ነው።

«ሰብጀክቱ ማን ነው?» አለ ቲቸር። ግራ ተጋባን። «በአማርኛ ባለቤት የምትሉት» አለ፣ ሊረዳን ብሎ። ባሰብን። ላሟ የማን እንደሆነች እኛ በምን እናውቃለን? አንዱ ከኋላ ሆኖ «ምልክት አላት ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ቲቸር ባለቤቷ ራሷ ላሟ ናት አለ። ላም የራሷ ባለቤት የሆነችበት አገር ወዴት ነው? ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል። እኛ ደግሞ ባለቤቱን ራሱን ማወቅ አቃተን። የቀረው ሁሉ ፕረዲኬት ነው፣ ስለ ባለቤቱ የተነገረ ነገር ማለት ነው ብሎ ቀጠለ። ያኔ ኦቦ አልዪ እጃቸውን አነሱ።

ኦቦ አልዪ የማኅበራችን ሊቀመንበር ናቸው። ነጭ ኮፍያ፣ ቡልኮ፣ ከብዙ መያዝ የጠቆረ በትር። በኛ ሰፈር ሰው ተጣልቶ ያለ እሳቸው አይታረቅም። ጃርሱማ ሲባል፣ ሽምግልናው ማለቴ ነው፣ እሳቸው ናቸው። እስላሙም ክርስቲያኑም ከበትራቸው ሥር ይቀመጣል። ሥርዓታቸው አንድ ነው። «ማን» አይባልም። ተበዳይ ቢሆኑ እንኳ «ዱላ ተነሳ» ይበሉ እንጂ «እገሌ ዱላ አነሳብኝ» ካሉ በትሩ ብድግ ይላል። በትሩ ብድግ ካለ አፍ ይዘጋል። ጠብ እንደ ዝናብ ነው ይላሉ፤ መጣ፣ አረጠበን፣ እንግዲህ እንድረቅ። ስሙ ያልተጠራ ሰው የመመለሻ መንገድ አያጣም ይላሉ።

አንድ ጊዜ የአንድ ሰው ፍየል ጠፍታ ከሌላው ሰው ጓሮ ታስራ ተገኘች። እንዴት ታረቁ መሰላችሁ? «ፍየል ጠፋች፣ ፍየል ተገኘች፣ አልሐምዱሊላህ» ተባለ። እርቁ እንዴት ያለ ጣፋጭ እንደነበር ስነግራችሁ፣ ባለፍየሉ ሲወጣ ፍየሏን የቀለበለትን ሰው አመስግኖ ነው የሄደው። እኔ ይህን ችሎታቸውን እወድላቸው ነበር። ነበር ነው ያልኩት።

ወደ ክፍሉ ልመልሳችሁ። ኦቦ አልዪ ተነስተው ቲቸርን «ልጄ፣ ላሟ ብቻዋን ናት የቀረበችው። የገብሱ ወገን ምን ይላል?» አሉት።

ቲቸር ሳቀ፣ ቀልድ መስሎት። እኛ አልሳቅንም።

ሌላ ዓረፍተ ነገር ጻፈ። «ዘ ዶግ ቢት ዘ ማን»፣ ውሻው ሰውየውን ነከሰው። ኦቦ አልዪ ሰውየው አስቀድሞ ውሻውን ምን እንዳደረገው ጠየቁ። ፕረዲኬት የተነገረው ነው ሲላቸው በማን እንደተነገረና ምስክር መኖሩን ጠየቁ። ከሰብጀክቱ ሥር ያስምሩ ብሎ ጠመኔ ቢሰጣቸው አመስግነው መለሱለት። በዕድሜዬ ማንም ላይ አስምሬ አላውቅም አሉ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ በሙሉ አላሰምርም አለ። እኔም አላሰመርኩም። የኔ ግን አቋም ሳይሆን ምንም ስላልገባኝ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ቲቸር አጋጣሚውን ሊጠቀም ፈልጎ «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ» ብሎ ጻፈ። ይዘንባል ማለት ነው። ሰብጀክቱ «ኢት» ነው አለን። ኢት ማን ነው? ማንም አይደለም አለ። ማንም ካልሆነ ታዲያ ፊት ላይ ምን ያደርጋል? አጥፊ ሲያጡ እንኳ አንድ ሰው ቀጥረው ያስቀምጣሉ ብዬ ለመዲና ሹክ አልኳት። ኦቦ አልዪ ግን ይሄኛውን ተቀበሉት። «ይሄንን እናውቀዋለን፣ አላህ ነው» አሉ። ቲቸር አፉን ከፈተ፣ ትንሽ አሰበ፣ ተወው።

ቤቴ ገብቼ ልለማመድ አልኩ። ወተት ተደፍቶ አገኘሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ተደፋ» ብዬ አልፈው ነበር። አሁን ተማሪ ነኝና «ሰብጀክቱ ማን ነው?» አልኩ። ሁሉም «እኔ አይደለሁም» አለ። በመጨረሻ ድመቷ ናት ተባለ። በየቤቱ ድመት የምትቀለበው ለካ ለዚህ ነው።

መዲና ያልኳችሁ ማን ናት? ጉዳዬ እሷ ጋ ነው ያለው።

መዲና ጎረቤቴ ናት። ጎረቤት ማለት ራሱ ያንሳታል። ምግብ የምናበስለው አብረን ነው። ባሏ ጀማል ባለፈረስ ነው፤ ፈረሱ ዳማ ይባላል። ልጄ የታመመች ዕለት መኪና ሲጠፋ ሐኪም ቤት ያደረሳት ዳማ ነው። የኛ የገብስ ማሳ ከነሱ ግቢ ጋር በአጥር ይገናኛል። አጥሩ ላይ በገመድ የሚታሰር የእንጨት በር አለ። በሩ የኔና የመዲና ነበር ማለት ይቻላል። ጨው ሲያልቅ በዚያ ነው፣ ወሬ ሲያልቅም በዚያ ነው። አቋራጭ ስለሆነ ሌላውም ሰው ያልፍበታል፤ ገበያ የሚቸኩል፣ ኦቦ አልዪም ወደ መስጊድ ሲሄዱ።

ባለፈው ታኅሣሥ፣ ገብሱ ሊታጨድ ሲል፣ አንድ ጠዋት በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ዳማን ከማሳው መሀል አገኘነው። ከበላው የረገጠው ይብሳል። ግርማ በንዴት በዱላ አሳረፈበት፣ ዳማ አነከሰ። ጀማል እየሮጠ መጣ። የተባባሉትን እዚህ አልጽፈውም። ፈረስህን አታስርም ወይ ተባለ። ግቢዬ ውስጥ ነው ያሳደርኩት፣ በር ካልተከፈተ ፈረስ በሰማይ አይበርም ተባለ። ከዚያ ሁለቱም ዞረው እኔንና መዲናን አዩን።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ሲባል ሰምታችሁ የለ? አጥሩ ተነቀነቀና ሁለቱም ተናቅን አሉ። ጀማል የሺ ናት አለ፤ ማታ ወንፊት ልትመልስ መጥታ ነበር አለ። እውነት ነው፣ ሄጄ ነበር። ግርማ ደግሞ መዲና ናት አለ። እሷ በቅዱስ ቁርኣን፣ እኔ በእመቤቴ ማርያም ማልን። ማን ሊሰማን!

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰው ደጋግሞ ሲጠረጥራችሁ የገዛ እጃችሁን ማመን ታቆማላችሁ። ዘግቼዋለሁ ወይስ አልዘጋሁትም? ገመዱን ጠምጥሜው ነበር? ያን ሰሞን በሩን በሕልሜ ስዘጋው አድራለሁ። ጠዋት ስነቃ ክፍት ነው። እኔንና መዲናን ባሎቻችን እንዳንገናኝ አገዱን። አንዳንዴ አጥሩ ሥር ቆሜ ከወዲያ በኩል ስታስነጥስ እሰማታለሁ። «ይማርሽ» ማለት እንኳ አልቻልኩም። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

ጉዳዩን ኦቦ አልዪ ያዙት። እርቁ ቶሎ እንዳያልቅ ደግሞ ሁዳዴና ረመዳን ተያይዘው ገቡ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከእርቅ በኋላ አብሮ መብላት ግድ ነው። ሥጋችን አይገናኝም። የሚያገናኘን ጩኮ ነው፣ የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በቅቤ የታሸ። ቅቤው ደግሞ ለኛ በሁዳዴ አይሆን፣ ለነሱ በረመዳን ቀኑን አይሆን። እንዲህ ሆኖ ጠባችን ሁለት ጾም ጾመ። ዒዱም ፋሲካውም ካለፈ በኋላ ነው የተቀመጥነው።

ኦቦ አልዪ ነገሩን በአጭሩ ቋጩት። «በሩ ተከፍቶ ተገኘ» አሉ። አለቀ። ማን ከፈተው የሚል ጥያቄ ዳግመኛ ያነሳ እርቁን አፈረሰ። ግርማና ጀማል ጩኮ ተጎራረሱ፣ ተቃቀፉ። ሁላችንም የሽማግሌውን ጉልበት ሳምን። አንድ ነገር ብቻ ገርሞኝ ነበር። ከዚያ ጠብ ወዲህ ኦቦ አልዪ በአቋራጩ ማለፍ ትተዋል። በዚያ ጉልበታቸው በዋናው መንገድ ዞረው ነው መስጊድ የሚሄዱት። ሽማግሌ በተጣሉ ሰዎች መሀል አያልፍም ለማለት ነው ብዬ አደነቅኳቸው። እንዴት ያለ ጥንቃቄ ነው አልኩ።

እርቁ ለወንዶቹ በቃቸው። ለኔ አልበቃኝም። ያልተከሰሰ ሰው እንዴት አድርጎ ነጻ ይወጣል? ማንም የሺ ናት አይለኝም፣ ማንም የሺ አይደለችም አይለኝም። ሰው በበሩ ሲያልፍ ገመዱን ደጋግሞ አጥብቆ፣ አንድ ጊዜ ወደኔ ቤት አየት አድርጎ ይሄዳል። ለመዲና እንኳ ይህን ብሶቴን አልነገርኳትም። እንዴት እነግራታለሁ? እኔ ካልሆንኩ እሷ ናት ማለት ነዋ!

እንግሊዝኛው የመጣው እዚህ ላይ፣ ከእርቁ በኋላ ነው።

ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል ቲቸር ናትናኤል ከላምና ከውሻ እንውጣ አለ። እያንዳንዱ ሰው ከራሱ ኑሮ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ከሰብጀክቱ ሥር እንዲያሰምር አዘዘ። ባጁ የሚሰጠው በዚህ ነው አለ። ጀማል ፈረሴ ጠንካራ ነው ብሎ ጻፈ። መዲና እንቁላል እጠብሳለሁ ብላ ጻፈች። ቀጥሎ ግርማ ተነሳ።

ግርማ ከሁላችንም እንግሊዝኛው የገባው ነበር፣ ወይም የገባው መስሎት ነበር። ደረቱን ነፍቶ ጻፈ። «ማይ ዋይፍ ኦፕንድ ዘ ጌት»። ሚስቴ በሩን ከፈተች። ከዚያም «ማይ ዋይፍ» ከሚለው ሥር ወፍራም መስመር አሰመረ። ጠመኔው ሲያሰምር የሰጠው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«ኤክሰለንት!» አለ ቲቸር። ምን ያድርግ፣ በምን ይወቅ።

ክፍሉ ሳቀ። ጀማል ከሁሉ አብልጦ ሳቀ። ግርማም ወደ ጀማል ዞሮ ፈገግ አለ። ገባችሁ? ወዳጁን ሊያስደስት ነው። ሰውዬው ስጦታ መስጠት ቢያምረው ከገዛ ሚስቱ ጀመረ። ጆሮዬ ጋለ። ተነስቼ ልወጣ ስል ጉልበቴ ከሕፃናቱ ዴስክ አልወጣ አለኝ። ተናድጄም ተዋርጄም መውጫ አጣሁ። መዲና እጄን ጭብጥ አድርጋ «ያ ረቢ፣ የሺ ኮ» አለችኝ። ኮ ማለት የኔ ማለት ነው። እንደዚያ የምትለኝ ሲከፋት ብቻ ነው።

ያኔ በትር ወለሉን መታ። ኦቦ አልዪ ተነሱ።

እርቅ ስላፈረሰ ሊቆጡት ነው ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጡም። ቀስ እያሉ ወደ ሰሌዳው ሄዱ። ዳስተሩን አነሱና «ማይ ዋይፍ» የሚለውን አጠፉት። የግርማን መስመር አልነኩትም። ከዚያ ጠመኔ ጠየቁ፣ እኚያ ጠመኔ መልሰው የሚሰጡት ሰው። በጠፋው ቦታ አንድ ቀጥ ያለ ጭረት ከላይ ወደ ታች ሳቡ፣ ልክ እንደ በትራቸው። በእንግሊዝኛ «አይ» የሚባለው ፊደል ይኸው ጭረት ነው። እኔ ማለት ነው። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

«አይ ኦፕንድ ዘ ጌት።» በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።

«ባለቤቱ ይሄ ነው» አሉ ወደኛ ዞረው። «የቀረው ስለ እሱ የተነገረ ነው።»

ቲቸር ናትናኤል በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። አላሰምርም ብለው ክፍሉን ሁሉ ያሳመፁበት ሽማግሌ! ሰብጀክቱ ሲቀየር ፕረዲኬቱ ያው መሆኑን አያችሁ ወይ እያለ ይዘላል። ክፍሉ አጨበጨበ። ግርማ ከሁሉ በላይ አጨበጨበ። የሰው ሚስት እንዳታፍር ብለው በራሳቸው ወሰዱት፣ እንዴት ያሉ ትልቅ ሰው ናቸው አለ። ጀማልም እንደዚያው አለ። ሁሉም እንደዚያው አለ። እኔ ግን ጠመኔውን የያዘውን እጃቸውን አየሁት። ከነጠመኔው ቡልኮው ውስጥ ከተቱት። ብርድ ነው እንዳልል ሮቤ ከጎባ ይሻላል።

ጎባ ከሚኒባሱ ስንወርድ ግርማና ጀማል ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ቀደሙ። እኔ እርምጃዬን ቀነስ አድርጌ ከኦቦ አልዪ ጎን ሄድኩ። እንዴት ብዬ ልጀምር? ሽማግሌ ይጠየቃል እንዴ?

«ኦቦ አልዪ፣ ያ የጻፉት ነገር...» አልኳቸው።

«ስህተት አለው?»

«ስህተቱን አይደለም። እውነት ነው ወይስ እንግሊዝኛ ነው?»

በትራቸውን እየተከሉ ጥቂት ተራመዱ። ከዚያ ነገሩኝ። ያን ጠዋት ለሱብሂ ሶላት ረፍዶባቸው ነበር። ብርዱ ብርድ አይባልም። እጃቸውን ከቡልኮው ላለማውጣት ገመዱን በበትራቸው ጫፍ ፈትተው፣ በሩን በበትራቸው ገፍተው አለፉ። ሲመለሱ እዘጋዋለሁ አሉ። ሲመለሱ ጩኸቱ ቀደማቸው።

ሊናገሩ አስበው ነበር አሉኝ። ግን ገና ከመድረሳቸው ግርማም ጀማልም «አባታችን፣ እርስዎ ያውቃሉ» ብለው እግራቸው ላይ ወደቁ። ሰው እግርህ ላይ ወድቆ ሳለ ጥፋቱ የኔ ነው ማለት እንዴት ይከብዳል መሰለሽ አሉኝ። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት ቀን አለፈ፣ ጾሙ ገባ። በመጨረሻ በሩ ተከፍቶ ተገኘ አሉ። «ውሸት አልተናገርኩም። ተከፍቶ ነው የተገኘው» አሉ፣ ድምፃቸው ግን አላመናቸውም።

«እኔስ?» አልኳቸው። ያን ያህል እንደምጮህ አላወቅኩም ነበር። «እኔ ስጠረጠር ያዩ አልነበረም ወይ? ተናድጄብዎታለሁ!»

«መናደድሽ ልክ ነው። አውፍ በይኝ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ለግርማ አይነግሩትም?»

ቆሙ። ቅር እንዳላቸው ሁሉ አዩኝ። «ነገርኩት እኮ! በሰሌዳ፣ በጠመኔ፣ መስመር ላይ አድርጌ ነገርኩት። አጨበጨበልኝ።»

ይህን ጊዜ ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ፣ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም። ቤቴ እስክደርስ የገዛ እጄን ሳየው ነበር የሄድኩት። ዘግቼው ነበር! ወንፊቱን መልሼ፣ በሩን ስቤ፣ ገመዱን ጠምጥሜ ዘግቼው ነበር። ያን ማታ በሩ በሕልሜ አልመጣም።

ለመዲና ነገርኳት። ሰው አይደለሁ? ራሷን ይዛ ሳቀች። ለካ እሷም እኔ ነኝ ብላ አምና ኖሯል። «እኔ እኮ ድሮ ይቅር ብዬሽ ነበር!» አለችኝ። ባልሠራሁት ጥፋት ይቅር መባሌ ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

ለግርማ ግን አልነገርኩትም። ልንገረው ብዬ አፌን እከፍትና እዘጋለሁ። በዚህ ሰፈር የታረቀ ሰው ሁሉ በኦቦ አልዪ በትር ሥር የታረቀ ነው። በትሩ ከተነካ ስንት ጠብ ከመቃብር ይነሳል? ፍየሏ ራሷ ትነሳለች። ደግሞ ተናዝዘዋል። ደግሞ ማንም አልሰማቸውም። ይሄ ተናዘዙ ይባላል ወይስ አልተናዘዙም? ቲቸርን ልጠይቀው አስቤ ነበር፤ ሰብጀክቱን አስምሪበት እንዳይለኝ ፈርቼ ተውኩት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ጎባ ላይ ግን ንጋቱ ራሱ ጉም ነው።

ባጁን ሁላችንም አገኘን።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የበልጉ ገብስ ታጨደ። አንድ ጠዋት ግርማ ሊወጣ ሲል በአጥሩ በር በኩል፣ ከኛ ወገን፣ አፉ በጥንቃቄ የተቋጠረ አንድ ጆንያ ገብስ ቆሞ አገኘ። የበሩ ገመድ ተጠምጥሞ፣ ተጠምጥሞ፣ እንደገና ተጠምጥሞ ታስሯል። እንደዚያ ያለ አስተሳሰር አይቼ አላውቅም። ጭቃው ላይ ከእግር ዱካው ጎን ክብ ክብ የበትር ቀዳዳ አለ።

«ማን አመጣው?» አለኝ ግርማ።

ዱካውን አየሁት። በጫማዬ ቀስ አድርጌ ደመሰስኩት።

«ገብስ መጣ» አልኩት።

«ማን ነው ያመጣው ነው የምልሽ!»

«መጣ አልኩህ እኮ።»

«ሰብጀክቱስ?» አለ ግርማ፣ ባጁ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ። ስንማር አብረን አልነበርን ወይ ብሎ ተገረመብኝ። እኔ ዝናቡንም የሚያዘንበው አለ፣ ስሙን ጠይቀኸው ታውቃለህ ወይ አልኩት። ይህ መልስ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። እሱም ግራ ገባው። ጀማል ልኮት ይሆናል ብሎ በበሩ ወጥቶ ሊያመሰግነው ሄደ። ጀማልም ግራ ገብቶት እንዳልላከ ማለ። ማለለትና ተቃቅፈው ሳቁ። ግርማ እየሳቀ ተመለሰ፣ ጆንያውን እንደ ምንም ተሸክሞ ደጃችን ላይ አራገፈና ቁርሱን ሊበላ ገባ።

ተከትዬው ገብቼ ቁርስ አቀረብኩለት። ገና መጉረስ ሲጀምር ከውጭ የጆንያ መቀደድ ድምፅ ተሰማ። ብወጣ ዳማ ነው፤ አንገቱን ጆንያው ውስጥ ከትቶ፣ ጭራውን እያወዛወዘ።

በሩ ተከፍቶ ተገኘ።